ቦናያ፦ ጠላት ከሰማይ የወረደባት ሜዳ

ጥቁር አንበሳ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሆስፒታሉ ነው። በሽተኛ ልንጠይቅ፣ አንዳንዴም አስከሬን ልናወጣ ሄደን በሩ ላይ ያልቆምን የለንም። በዚሁ ስም ይጠራ የነበረው የአርበኞች ማኅበር ግን እምብዛም አይነሳም። ስለዚህ ዘንድሮ የማኅበሩን የመጀመሪያ ትልቅ ድል፣ ያውም አይሮፕላን ማረፊያ ላይ የተገኘውን፣ ባጭሩ ላውጋችሁ።

ወሩ ሰኔ፣ ዘመኑ 1928 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ ሁለት ወር አልሞላውም። ምዕራቡ ገና አልተያዘም፤ ጎሬ ላይ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራ የኢትዮጵያ መንግሥት ነበር። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። የወለጋ ባላባቶችም በሐሳብ ተከፋፍለው ነበርና፣ ግራዚያኒ በአየር ሰው ልኮ አገሩን ያለ ጦርነት ለመያዝ አሰበ።

ሰኔ 19 ቀን ሦስት አይሮፕላኖች ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ አረፉ። ማረፊያ ይባል እንጂ ሜዳ ነው። የወረዱት ሰዎች ግን ተራ ሰዎች አልነበሩም። አንደኛው የግራዚያኒ ምክትል የአየር ኃይሉ ጄኔራል ማሊዮኮ ነው። ሌላው አንቶኒዮ ሎካቴሊ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቪየና ድረስ የበረረ፣ በ1916 ዓ.ም. ደግሞ ግሪንላንድ አጠገብ ባሕር ላይ ወድቆ ስንት ቀን ተንሳፎ የአሜሪካ መርከብ ያተረፈው ስመ ጥር አብራሪ ነበር። ከዚያ ሁሉ ውቅያኖስ ያመለጠ ሰው ቦናያ ላይ ቀረ!

ጥቁር አንበሶች አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። የስዊድን መኮንኖች ያስተማሯቸው የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆችና ውጭ አገር የተማሩ ይገኙባቸዋል፤ ሊቀመንበራቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ያንን ሁሉ ወራት ቦምብና የመርዝ ጋዝ ሲያወርድባቸው የከረመው አይሮፕላን፣ ጠመንጃ የማይደርስበት፣ እንግዲህ መሬት ላይ ቆሞ አገኙት። ሌሊቱን ከአገሬው ሰው ጋር ሆነው ከበቡት። አይሮፕላኖቹ ተቃጠሉ። ኦሮምኛ የሚያውቅ ቦሬሎ የሚባል አንድ ሚሲዮናዊ ቄስ ሲተርፍ፣ የቀሩት አለቁ።

ጣሊያኖች «መልእክተኞቻችን ተጨፈጨፉ» ብለው ብዙ ጽፈዋል። የማኅበሩ ደንብ ምርኮኛ በሰብአዊነት እንዲያዝ ያዝዝ እንደነበር ሳስብ፣ የዚያ ሌሊት ነገር እኔንም ያሳስበኛል። ቢሆንም ሳይጠሩት አገር ሊይዝ የመጣ ጄኔራል እንግዳ ነው ለማለት አፌ አይደፍርም።

ዋጋው ግን ከባድ ሆነ። ነቀምት በቦምብ ተደበደበች። ቂሙን የተቀበለው የከተማው ሕዝብ ነው፤ ይህ በድል ታሪካችን ውስጥ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሲሰጡ ማኅበሩም አብሮ ተበተነ። በየካቲት ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ከአባሎቹ ብዙዎቹ ተረሸኑ፤ የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ድንኳን የተከለላቸው፣ ንፍሮ የቀቀለላቸው እድር አልነበረም።

የተማሩት ስም ተጽፏል። በዚያች ሌሊት አብሯቸው የወጣው ገበሬ ግን «የአገሬው ሰው» ተብሎ ብቻ ቀርቷል፤ እኔም ራሴ ከላይ እንደዚያው ብዬ አለፍኩት። ከወለጋ የመጣችሁ አባሎች፣ ከወላጆቻችሁ የሰማችሁት ስም ካለ በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ለጸሐፊያችን አስመዝግቡልን።