የመንግሥታቱ ማኅበር እውነት ጥርስ አልነበረውም?

የመንግሥታቱ ማኅበር (ሊግ ኦፍ ኔሽንስ) በተነሳ ቁጥር «ጥርስ የሌለው አንበሳ ነበር» እንላለን፤ ወሬውም እዚያው ላይ ያልቃል። ኢትዮጵያን መክዳቱ አያከራክርም። ጥርስ አልነበረውም የሚለው ግን ለእኔ አይዋጥልኝም። እስቲ አራት ታሪኮችን ጎን ለጎን እንያቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1923 የግሪክንና የአልባኒያን ድንበር ሲያካልሉ የነበሩ ጣሊያናውያን ግሪክ ምድር ላይ ተገደሉ። ሙሶሊኒ ገዳዮቹ እስኪታወቁ አልጠበቀም፤ ኮርፉ የተባለችውን የግሪክ ደሴት በመርከብ መድፍ ደብድቦ ያዘ። ግሪክ ለማኅበሩ አቤት አለች። ጉዳዩ ግን ከማኅበሩ እጅ ወጥቶ ወደ ታላላቆቹ መንግሥታት የአምባሳደሮች ጉባኤ ሄደና፣ የተደበደበችው ግሪክ ለጣሊያን 50 ሚሊዮን ሊሬ እንድትከፍል ተወሰነ። ልብ በሉ፣ ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል የሆነችው በዚያው ሰሞን፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1923 ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ የግሪክ ጦር በድንበር ግጭት ሰበብ ፔትሪች በተባለችው ከተማ በኩል ቡልጋሪያ ገባ። ቡልጋሪያ አቤት አለች። ማኅበሩ «ተኩስ አቁሙ፣ ውጡ» አለ፤ ግሪክም በሳምንት ገደማ ወጣች፤ 45,000 ፓውንድ ካሳም ተፈረደባት። በ1923 ተደብድባ የከፈለች አገር፣ በ1925 ደብድባም ከፈለች። ማኅበሩ ያው ማኅበር፣ ሕጉም ያው ሕግ ነው። የተለየው ከሳሽና ተከሳሹ ነው።

ሦስተኛው ታሪክ ብዙ አይነገርለትም። በጀርመንና በፈረንሳይ ድንበር ያለችው ዛርላንድ በጃንዋሪ 1935 ዕጣዋን በድምፅ ስትወስን፣ ማኅበሩ ከእንግሊዝ፣ ከጣሊያን፣ ከስዊድንና ከሆላንድ የተውጣጣ 3,300 ያህል ወታደር ልኮ ነበር። ምርጫው በሰላም አለቀ። ይህ ጦር ዛርላንድ የገባው በዲሴምበር 1934 ነው፤ የወልወል ግጭት በተነሳበት ወር ማለት ነው። በአንድ ወር ውስጥ ጣሊያን እዚያ ሰላም አስከባሪ፣ እዚህ ደግሞ ተኳሽ ነበረች።

አራተኛው የራሳችን ነው። ጣሊያን ኦክቶበር 3 ቀን 1935 መረብን ተሻገረች። ማኅበሩ በቀናት ውስጥ ወራሪ ናት ብሎ ወሰነ፤ 50 ያህል አገሮችም ማዕቀብ እንዲጣል ተስማሙ። ለዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ዝርዝሩን ስታዩት ነዳጅ የለበትም! የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። «አሜሪካ አባል ስላልነበረች ነዳጁን እሷ ትሸጥላት ነበር» የሚል መከራከሪያ አለ። እሺ ይሁን። በስዊዝ ቦይ ዳር የቆመው ግን የእንግሊዝ ጦር ነበር። በዚያው ዲሴምበር ደግሞ የእንግሊዙ ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል ከኢትዮጵያ ሰፊ መሬት ቆርሰው ለሙሶሊኒ ሊሰጡ ሲዶልቱ ተጋለጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቭ ላይ ከተናገሩ በኋላ፣ ሳምንት ሳይሞላ ጉባኤው ማዕቀቡ እንዲነሳ ወሰነ።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ማኅበሩ ጥርስ ነበረው፤ የሚነክሰው ግን ትንንሾቹን ብቻ ነበር። «አቅም አልነበረውም» ስንል ሳናውቀው ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ምክንያት እየሰጠንላቸው ነው። ያጡት አቅም ሳይሆን፣ ሙሶሊኒን በሂትለር ላይ አጋር እናደርገዋለን ብለው የሸጡት እኛን ነው። እሱንም ቢሆን አላተረፉበትም፤ ሙሶሊኒ ሄዶ ሂትለርን ተወዳጀ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ ኮርፉ ላይ የተቀደደው አጥር መጨረሻው የራሳቸው ቤት ሆነ።

ዛሬም ስለ ተባበሩት መንግሥታትም ሆነ ስለ አፍሪካ ኅብረት ስንከራከር «አቅም አለው ወይ?» ከማለታችን በፊት «አቅሙን በማን ላይ ይጠቀምበታል? በማንስ ላይ ሲደርስ ይቆማል?» ብለን ብንጠይቅ ይሻላል ባይ ነኝ። እናንተስ?