ልምምድ፣ ፈተና እና የቤተሰብ ተስፋ፦ ታዳጊ ተማሪ አትሌቶች ውጥረትን እንዴት ይቋቋማሉ?

በአርሲ ዞን በምትገኘው በቆጂ ከተማ የታዳጊ ሯጮች ቀን የሚጀምረው ገና በማለዳ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያረፈች በመሆኗ ጠዋቷ ብርዳም ነው። ታዳጊዎቹ በዚያ ብርድ ሮጠው፣ ላባቸውን ጠርገው፣ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ያመራሉ።

ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ እና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚህችው ከተማና ከአካባቢዋ የተገኙ የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤቶች ናቸው። በኬንያዋ ኢተን ከተማም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። አየርላንዳዊው መምህር ኮልም ኦኮኔል እአአ በ1976 ወደ ቅዱስ ፓትሪክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመጡ ወዲህ፣ ትምህርት ቤቱ በ1988 የሴኡል ኦሊምፒክ የ1,500 ሜትር አሸናፊ የሆነውን ፒተር ሮኖን ጨምሮ በርካታ ሯጮችን አፍርቷል።

እነዚህ ስሞች ዛሬ ለሚሮጠው ታዳጊ ኩራት ናቸው፤ ሸክምም ይሆኑበታል። በምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ አካባቢዎች ሩጫ ከጨዋታነት አልፎ ቤተሰብን ከችግር የማውጫ መንገድ ተደርጎ ይታያል። ስለዚህም በመነሻው መስመር ላይ የቆመ አንድ የ16 ዓመት ተማሪ የሚያስጨንቀው ርቀቱ ወይም ተፎካካሪው ብቻ አይደለም። በውጤቱ ላይ የተንጠለጠለው ነገር ብዛት ጭምር ነው።

ውጥረት ሁልጊዜ ጠላት ነው?

አይደለም። ሰውነት ፈተና ሲገጥመው አድሬናሊን እና ኮርቲሶል የተባሉትን ሆርሞኖች ያመነጫል። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ጡንቻዎች ብዙ ደም ያገኛሉ። እነዚህ ለውጦች ለሩጫ የሚያስፈልጉ ናቸው። ከውድድር በፊት ምንም የማይሰማው ሯጭ ምርጥ ብቃቱን ላያሳይ ይችላል።

ሮበርት ዬርክስ እና ጆን ዶድሰን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እአአ በ1908 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ አስተሳሰብ መነሻ ሆኗል። በእነርሱ ስም በሚጠራው መርህ መሠረት መጠነኛ መነቃቃት ብቃትን ከፍ ያደርጋል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን መልሶ ይጥለዋል።

ችግሩ የሚጀምረው ውጥረቱ ከውድድሩ ጋር አብሮ ሳያበቃ ሲቀር ነው። ለሳምንታትና ለወራት የዘለቀ ውጥረት እንቅልፍ ይነሳል፣ ትኩረትን ይበትናል፣ ከጉዳት ማገገምንም ያዘገያል።

በታዳጊነት ለምን ይከብዳል?

የመጀመሪያው ምክንያት ዕድሜው ራሱ ነው። ማመዛዘንንና ራስን መግዛትን የሚመራው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ እድገቱን አይጨርስም። ስሜት ግን በጉርምስና ወቅት እጅግ ይበረታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ክልል ውስጥ ካሉ 7 ሰዎች አንዱ ከአእምሮ ጤና እክል ጋር ይኖራል።

ሁለተኛው ምክንያት የትምህርቱ ጫና ነው። በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የብዙዎችን ዕጣ ይወስናል። ፈተናው እአአ በ2022 በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጠዋትና ማታ የሚሠለጥን ተማሪ ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል ለመገኘት የሚያጠናበት ሰዓት ከጓደኞቹ ያነሰ ነው።

ሦስተኛው የቤተሰብ ተስፋ ነው። መሮጫ ጫማ ለመግዛት ወላጆች የቤት ወጪ ቀንሰው ሊሆን ይችላል። ታዳጊው ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሽንፈት በእርሱ ዓይን የቤተሰቡን ውለታ እንደ መብላት ይቆጠራል። ወደ ክለብ ወይም ወደ ማሠልጠኛ ማዕከል የሚገቡት ደግሞ ከቤታቸው ርቀው፣ በማያውቁት አካባቢ ይህንኑ ሸክም ብቻቸውን ይሸከማሉ።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

በአካባቢያችን «ጨነቀኝ» ማለት ለብዙ ታዳጊዎች ቀላል አይደለም። በተለይ ከአሠልጣኝ ፊት እንደ ድክመት ይቆጠራል ብለው ይፈራሉ። «ሆድ ይፍጀው» ብለው ያለፉትን ነገር ሰውነታቸው ይናገረዋል። ምክንያቱ ያልታወቀ የሆድ ሕመም፣ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት እና ተደጋጋሚ ጉንፋን ሊታዩ ይችላሉ።

አሠልጣኞችና መምህራን ሌሎች ለውጦችንም ሊያስተውሉ ይገባል። በልምምድ ላይ ጥሩ ሰዓት የሚያስመዘግብ ሯጭ በውድድር ቀን በተደጋጋሚ ሲወርድ፣ ተጫዋች የነበረች ልጅ ዝም ስትል፣ ወይም ትንሽ ጉዳት ከውድድር ለመቅረት ምክንያት እየሆነ ሲደጋገም «ሰነፍክ» ከማለት በፊት መጠየቅ ይቀድማል።

ከመነሻው መስመር በፊት

በስፖርት ሥነ ልቦና ውስጥ የተለመዱ፣ ገንዘብም ሆነ መሣሪያ የማይጠይቁ ዘዴዎች አሉ።

አንደኛው አተነፋፈስ ነው። በአፍንጫ በዝግታ አየር መሳብና ከተሳበበት በረዘመ ጊዜ ውስጥ ቀስ ብሎ መልቀቅ የልብ ምትን ያረጋጋል። ለጥቂት ደቂቃዎች መደጋገሙ ይበቃል። ነገር ግን በውድድር ቀን ብቻ የሚሞከር ከሆነ ብዙም አይረዳም። እንደ ማንኛውም ልምምድ በአዘቦት ቀን መለመድ አለበት።

ሁለተኛው የቅድመ ውድድር ሥርዓት ነው። ሰውነት የሚሟሟቅበት ቅደም ተከተል፣ ጫማ የሚታሰርበት ጊዜ፣ ለራስ የሚነገር አጭር ቃል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሲሆኑ፣ እንግዳ በሆነ ስታዲየም ውስጥም አእምሮ የሚያውቀውን ነገር ያገኛል።

ሦስተኛው ለስሜቱ የሚሰጠው ስም ነው። የሃርቫርድ ተመራማሪዋ አሊሰን ዉድ ብሩክስ እአአ በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመዝፈን፣ በሰው ፊት ከመናገር ወይም ከሒሳብ ፈተና በፊት ራሳቸውን «ተነቃቅቻለሁ» ያሉ ሰዎች «ልረጋጋ» ብለው ከታገሉት የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። የሚመታው ልብ ያው ነው፤ የተለወጠው ትርጉሙ ነው።

አራተኛው ግብን መለየት ነው። «አንደኛ መውጣት አለብኝ» የሚለው ግብ በሌሎች ሯጮች አቅም ላይም ይወሰናል። «የመጀመሪያውን ዙር ሳልቸኩል እሮጣለሁ» የሚለው ግን በራስ እጅ ነው።

እንቅልፍ፣ ምግብ እና እረፍት

የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ13 እስከ 18 ዓመት ለሆኑ ታዳጊዎች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። ጎህ ሳይቀድ ለልምምድ ተነስቶ እስከ እኩለ ሌሊት የሚያጠና ተማሪ ወደዚህ መጠን አይጠጋም። በፈተና ሳምንታት የልምምዱን መጠን መቀነስ እንደ ስንፍና ሊታይ አይገባም፤ የሥልጠናው ዕቅድ አካል ነው።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ታዳጊ ስፖርተኞች በሳምንት ቢያንስ 1 ወይም 2 ቀን ከውድድርና ከልምምድ እንዲያርፉ ይመክራል።

ምግብን በተመለከተ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ከ2014 ጀምሮ ትኩረት የሰጠው ችግር አለ። አትሌቱ የሚመገበው ምግብ በልምምድ ከሚያቃጥለው ጉልበት ሲያንስ አጥንት ይሳሳል፣ ስሜት ይረበሻል፣ በሴቶች ላይ የወር አበባ ይዛባል ወይም ይቀራል። ይህ «የጥሩ ሯጭ ምልክት» ተደርጎ መታለፍ የለበትም፤ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። በጾም ወራት የሚሠለጥኑ ታዳጊዎችም የልምምዱን ክብደትና ሰዓት ከአሠልጣኛቸው ጋር አስቀድመው ቢነጋገሩ ይጠቅማቸዋል።

«ሯጭ ብቻ አይደለሁም»

አተነፋፈስና እንቅልፍ የውድድሩን ቀን ያቀልላሉ። ሥር የሰደደውን ጭንቀት የሚያቀልለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ታዳጊው ከሩጫ ውጭም ማንነት እንዳለው ማወቁ።

የስፖርት ሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ያጠኑት አንድ ጉዳይ፣ ስፖርተኛ ራሱን በስፖርቱ ብቻ ሲለካ የሚመጣውን መዘዝ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በልምምድ ትጉህ ነው። ነገር ግን ጉዳት ሲደርስበት ወይም ከቡድን ሲቀነስ የሚያጣው ውድድሩን ብቻ አይደለም፤ ራሱንም ያጣል።

ዓለም አቀፍ መድረክ የሚደርሱት ከብዙዎች ጥቂቶች መሆናቸው እውነት ነው። ይህን ለታዳጊ መንገር ተስፋ ማስቆረጥ አይደለም። ትምህርቱን የቀጠለ ሯጭ ቢሸነፍ የሚመለስበት አለው። የሚመለስበት ያለው ሰው ደግሞ በመነሻው መስመር ላይ ቀለል ብሎት ይቆማል። ስለዚህ ትምህርት የሩጫ ተቀናቃኝ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ጭንቀትን ከሚቀንሱት ነገሮች አንዱ ነው።

አሠልጣኝና ወላጅ ምን ያድርጉ?

ልጁ ከውድድር ሲመለስ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙ ይናገራል። «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት «እንዴት ነበር?» ማለት ፍቅሩ በደረጃ እንደማይለካ ያሳያል። ወላጆች የቤት ችግርን ከልጃቸው መደበቅ ላይችሉ ይችላሉ። መፍትሔው በእርሱ እግር ላይ ብቻ እንዳልተጣለ ግን ሊነግሩት ይችላሉ።

አሠልጣኝ በበኩሉ የፈተናን መርሐ ግብር ሊያውቅ፣ ስህተትን በሰው ፊት ከማዋረድ ሊቆጠብ ይገባል። ከቤታቸው ርቀው ለሚኖሩ፣ በተለይም ለሴቶች ልጆች፣ ከአሠልጣኙ ሌላ የሚያምኑት አዋቂ መኖሩ አስፈላጊ ነው። ምክንያቱም አንዳንዴ የጭንቀቱ ምንጭ ሥልጣን ያለው ሰው ራሱ ሊሆን ይችላል።

ባለሙያ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ሐዘኑ ወይም ጭንቀቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ትምህርትና ልምምድን ካስተጓጎለ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ታዳጊው ራሱን ስለመጉዳት ከተናገረ ግን አንድ ቀንም መጠበቅ አይገባም፤ ብቻውን ሳይተዉ ወዲያውኑ እርዳታ ማግኘት ያስፈልጋል።

እርዳታ መጠየቅ የስፖርት ሕይወትን አያበቃም። አሜሪካዊቷ የጂምናስቲክ ኮከብ ሲሞን ባይልስ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ለአእምሮ ጤናዋ ስትል ከበርካታ ውድድሮች ራሷን አግልላ ነበር። በ2024 በፓሪስ ተመልሳ 3 የወርቅ ሜዳሊያዎችን ወስዳለች።

በአካባቢያችን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው። ሆኖም ከኬንያ የተገኘ አንድ ተሞክሮ ተስፋ ይሰጣል። «ሻሚሪ» በተባለው መርሐ ግብር፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ ወጣቶች ለ4 ሳምንታት ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር በቡድን ተወያዩ። እአአ በ2021 የታተመው፣ 413 ታዳጊዎችን ያካተተው ጥናት የድባቴና የጭንቀት ምልክቶች መቀነሳቸውን አሳይቷል። ውይይቱ የሚያስፈልገው የመማሪያ ክፍል፣ ጥቂት ወንበሮችና የሚያዳምጥ ሰው ነው። እነዚህ ደግሞ በበቆጂም በኢተንም አይጠፉም።

ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር። ታዋቂ ከሆነ በኋላም ግራ እጁን አጠፍ አድርጎ ሲሮጥ ይታይ የነበረው ደብተሩን ይዞ ከሮጠባቸው ከእነዚያ ዓመታት በቀረ ልማድ እንደሆነ ይነገራል። ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ለሚነሱት ታዳጊዎችም ደብተሩና ሩጫው አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ አዋቂዎች አንዱን ጣል ብለው ካላስገደዷቸው።