አብዬ

አብዬ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን ሁለቱም የኔ ናት የሚሏት የድንበር ግዛት ናት (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቋሚ ነዋሪዎቿ ንጎክ ዲንካዎች ናቸው። የሚሴሪያ አረብ ከብት አርቢዎች ደግሞ በበጋ ውሃና ግጦሽ ፍለጋ ከሰሜን ወደ ኪር ወንዝ ይወርዳሉ፤ ክረምት ሲገባ ይመለሳሉ።

ጠቡን የነዳጅ ዘይት ብቻ አድርጎ ማየት ያሳስታል። ዘይቱ ከመገኘቱ ብዙ አስቀድሞ፣ በ1905፣ የእንግሊዝ አስተዳደር ዘጠኙን የንጎክ ዲንካ የጎሳ ግዛቶች ከባሕር ኤል ጋዛል ወደ ኮርዶፋን አዛውሯል። የ1972ቱ የአዲስ አበባ ስምምነትም የ2005ቱ የሰላም ውልም የአብዬን ዕጣ የሚወስን ሕዝበ ውሳኔ ቃል ገብተው ነበር። ሚሴሪያዎች ይምረጡ አይምረጡ በሚለው ሙግት ግን የ2011ዱ ድምፅ ሳይሰጥ ቀረ፤ የአካባቢው ሕዝብ መከራም የተራዘመው በዚሁ ነው።

በሜይ 2011 የሱዳን ጦር የአብዬን ከተማ ያዘ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ። በወሩ አዲስ አበባ ላይ በተደረሰ ስምምነት የኢትዮጵያ ሰላም አስከባሪዎች ገብተው እስከ 2022 ቆዩ። ንጎክ ዲንካዎች በ2013 ለብቻቸው ድምፅ ሰጥተው ደቡብ ሱዳንን ቢመርጡም ሁለቱም መንግሥታት ውጤቱን አልተቀበሉም። ጠቡ ባይፈታም አሚየት በሚባለው የአብዬ ገበያ ከሰሜን የመጣ ሸቀጥ ለዲንካ ሸማች ይሸጣል።