የግል ኮምፒዩተርን በቤት የመገጣጠም ታሪክና ለእኛ ያለው ፋይዳ

የዓመታዊ መጽሔታችን አዘጋጆች ስለ ኮምፒዩተር፣ ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታና ስለ መገናኛ ብዙኃን አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ጥቂት አመንትቼ ነበር። ምክንያቱም እኔ ከዲላ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በወናጎ ከተማ፣ ከመደበኛ ሥራዬ በሚተርፈኝ ሰዓት በቤቴ ኮምፒዩተር የምገጣጥም ሰው እንጂ የታሪክ ሊቅ አይደለሁም። ይሁን እንጂ በካቻቢቴ የምፈታው ዕቃ ሁሉ የራሱ ታሪክ እንዳለው፣ ታሪኩም ለማኅበራችን አባላት አንድ ከባድ ጥያቄ እንደሚያቀርብ ከተረዳሁ ቆይቻለሁ። ጥያቄውም፤ መሣሪያን ከፍቶ የማየትና የመጠገን መብት የማን ነው? የሚል ነው።

የሣጥኑ አመጣጥ

የግል ኮምፒዩተር ከታላላቅ ኩባንያዎች ዕቅድ ብቻ የተወለደ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እውነቱ ግን ከዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1975 «ፖፒዩላር ኤሌክትሮኒክስ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት አልቴር 8800 የተሰኘውን ኮምፒዩተር በሽፋኑ ላይ ይዞ ወጣ። መሣሪያው ብዙውን ጊዜ ተበታትኖ በፖስታ የሚላክ ሲሆን፣ ገዢው በቤቱ ተቀምጦ በገዛ እጁ እየበየደ ይገጣጥመው ነበር። የፊደል ገበታም ሆነ የምስል መስኮት አልነበረውም፤ ትእዛዝ የሚሰጠው በፊቱ የተደረደሩትን ማብሪያዎች ከፍና ዝቅ በማድረግ ሲሆን፣ መልሱንም በትናንሽ አምፖሎች መብራትና መጥፋት ይገልጥ ነበር። አብሮት የሚመጣው የማስታወሻ ክፍል 256 ባይት ብቻ ነው። ዛሬ አንድ የአማርኛ ፊደል በተለመደው አሠራር 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ያ ኮምፒዩተር ከ85 ፊደል በላይ ሊይዝ ባልቻለም ነበር።

በዚያው ዓመት ማርች 5 ቀን በካሊፎርኒያ፣ መንሎ ፓርክ በተባለ ሥፍራ፣ በአንድ መኪና ማቆሚያ ቤት ውስጥ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው በቤት የተሠራ ኮምፒዩተር ወዳጆችን ክበብ መሠረቱ። የአፕል ኩባንያ የመጀመሪያ መሣሪያም በ1976 ለሕዝብ የታየው በዚሁ ክበብ መካከል ነበር። አይ.ቢ.ኤም. በኦገስት 1981 የራሱን የግል ኮምፒዩተር ባወጣ ጊዜ ደግሞ፣ ዋና ዋና ክፍሎቹን ከሌሎች ፋብሪካዎች ከመግዛቱም በላይ የውስጥ ንድፉን በመጽሐፍ አሳትሞ ለሽያጭ አቀረበ። በዚህም ምክንያት ሌሎች ኩባንያዎች ከእርሱ ጋር የሚስማማ ዕቃ ለመሥራት ቻሉ። ዛሬ የአንዱን ፋብሪካ ማዘርቦርድ፣ የሌላውን ራምና የሦስተኛውን ፓወር ሰፕላይ በአንድ ኬዝ ውስጥ አስማምተን ለመግጠም የቻልነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ አሠራር ለጌዴኦ ሰው እንግዳ አይደለም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር የቆመው በዚሁ ሥርዓት ነው፤ ከታች ቡና፣ ከመካከል እንሰት፣ ከላይ ጥላ የሚሰጥ አገር በቀል ዛፍ። አንዱ ቡና ቢያረጅ እርሱ ብቻ ተነቅሎ ሌላ ይተከላል እንጂ ማሳው በሙሉ አይመነጠርም። እንደዚሁም አንዲት ክፍል በተበላሸች ቁጥር ሣጥኑን በሞላ መጣል የአስተዋይ ገበሬ ሥራ አይደለም።

በአገራችን የነበረው ጥረት

በኢትዮጵያም የመሣሪያ ታሪክ ከውጭ የመጣውን ዕቃ ተቀብሎ የመጠቀም ታሪክ ብቻ አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ የጽሕፈት መኪና በፊደላችን እንዲጽፍ ለማድረግ መድከማቸው የታወቀ ነው። በኮምፒዩተርም ዘመን የሆነው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን፣ ከነዚህም መካከል ዶክተር አበራ ሞላና አቶ ፍሥሐ አትላው፣ ኮምፒዩተር ግዕዝን እንዲጽፍ በየበኩላቸው ደከሙ። ሆኖም እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደላቱን በራሱ ተራ ቁጥር ያስቀምጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ይህ ችግር መፍትሔ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም፣ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች ቋሚ ቁጥር በተሰጣቸው ጊዜ ነው። ዛሬ በእጅ ስልካችን በአማርኛ የምንጻጻፈው፣ ስለ ቋንቋቸው የተቆረቆሩ ሰዎች የመሣሪያውን የውስጥ አሠራር ለማወቅ በመድፈራቸው መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ስለ ጨዋታ

አንድ ቀን አንዲት እናት ወደ ቤቴ መጥተው፣ «ጋሼ፣ ልጄን ከዚህ ጌም ከሚሉት ነገር ያስጥሉልኝ፤ ትምህርቱን ረስቷል» አሉኝ። «እኅቴ፣ ልጁን ወደ እኔ ይላኩት» ብዬ መለስኩ። ልጁ እንደ መጣ ጨዋታው ለምን እንደሚንቀራፈፍ ጠየቀኝ። ሣጥኑን ከፍተን ግራፊክስ ካርድ አለመኖሩን አሳየሁት። ራሙን ነቅሎ ጫፉን በላጲስ ጠርጎ መመለስን በዚያው ቀን ተማረ። ጨዋታውን ፈጽሞ ተወ ብዬ አልመሰክርም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ስለ ጨዋታው ብቻ ሳይሆን ስለ ኤሌክትሪኩም ሆነ።

ጨዋታን እንደ ሥራ ፈትነት ብቻ የሚቆጥሩ ወገኖች ገበጣን ሊያስታውሱ ይገባል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙትን በርካታ የገበጣ ዓይነቶች መዝግበዋል። አባቶቻችን ሒሳብንና አርቆ ማሰብን በጠጠር ተጫውተውታል። በዘመናችንም ቅኔ ጌምስ የተባለው የአገራችን ድርጅት የሠራው «ኩኩሉ»፣ ዶሮ ከሚያሳድዳት ሰው ስትሸሽ የሚያሳይ የእጅ ስልክ ጨዋታ፣ ጨዋታን መሥራት ለእኛም የሚቻል መሆኑን አሳይቷል።

ከዚህም በላይ ለጨዋታ የተሠራው ዕቃ የዓለምን ሳይንስ አቅጣጫ ለውጧል። ግራፊክስ ካርድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ገበያ ያገኘው ወጣቶች የጨዋታ ምስል እንዲጠራላቸው ስለፈለጉ ነበር። በ2012 ግን የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሁለት የጨዋታ ካርዶች ብቻ ተጠቅመው ምስልን የሚለይ ፕሮግራም አሠለጠኑ፤ ውጤቱም ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ እጅግ የላቀ ሆነ። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እየተባለ የሚነገርለት ሥራ ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ። በቤት ውስጥ በሚገኝ ሣጥን የተጀመረ ነገር የት እንደሚደርስ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ስለ መገናኛ ብዙኃን

ሬዲዮ በአገራችን በ1928 ዓ.ም.፣ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ፤ ቴሌቪዥናችን ባለ ቀለም የሆነው በ1977 ዓ.ም. ነው። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ገባ። በዚህ ሁሉ ዘመን በየከተማው አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ አይጠፋም ነበር። ጀርባውን ፈትቶ፣ የተቃጠለውን ለይቶ፣ ካሮጌ ዕቃ ነቅሎ የሚተካ ሰው ነበር። ዛሬ ግን ዜናውንም ዘፈኑንም የምናገኝበት የእጅ ስልክ በሙጫ ተጣብቆ የሚመጣ፣ ባትሪውን እንኳ ባለቤቱ በቀላሉ ሊለውጠው የማይችል ዕቃ ሆኗል። የምናየው በዛ፤ የምንከፍተው ግን አነሰ። እኔ የምቆረቆረው ወጣቱ ብዙ ስለማየቱ ሳይሆን፣ የሚያይበትን መሣሪያ የማያውቅ ተመልካች ሆኖ እንዳይቀር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ታብሌቶች ያለ አስተማሪ ተሰጥተው ነበር። የድርጅቱ መሪ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደገለጹት፣ ሕፃናቱ በአምስት ወር ውስጥ ተዘግቶ የተሰጣቸውን ካሜራ በራሳቸው ከፍተው ሥራ ላይ አውለዋል። የጎደለን የልጆቻችን ችሎታ አይደለም ማለት ነው።

የተዘጋው ክፍል

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ አንድ ያየሁት ነገር ነው። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ትምህርት ቤት በእርዳታ የተገኙ ኮምፒዩተሮች «የተበላሸ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው በአንድ ክፍል ተቆልለው አገኘሁ። ልጠግናቸው ብጠይቅ፣ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይከፈትም ተባልኩ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ሦስቱን እንድከፍት ተፈቀደልኝ። የአንዱ ጉድለት እንደ ሳንቲም የምታክል ባትሪ ማለቋ፣ የሁለተኛው ራም መላቀቁ ብቻ ነበር፤ ሦስተኛው ፓወር ሰፕላዩ በመብራት መዋዠቅ ተቃጥሎ ስለነበር ሊድን አልቻለም። ሁለቱ በዚያው ቀን ተነሡ። የቀሩት ግን አልተከፈቱም። ተማሪዎቹ ኮምፒዩተርን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተስሎ ይማሩ ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃም ከበደ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሊጠገን የሚችል ዕቃ በመጋዘን እንዲበሰብስ መተው ኃላፊነትን መዘንጋት ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ንብረት ክፍሎች የማኅበሩን ባለሙያዎች ፈርመው መሣሪያ እንዲከፍቱና እንዲጠግኑ የሚፈቅድ ግልጽ ደንብ እንዲያወጡ እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ከማይድኑት ኮምፒዩተሮች የሚነቀሉ ክፍሎች በዲላ በአንድ መጋዘን ተለይተው ይቀመጡ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ አባል በዓመት ቢያንስ ለአንድ ወጣት ካቻቢቴ አያያዝን ያስተምር።

ያ ላጲስ ይዞ ራም የጠረገው ልጅ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ባለፈው ጊዜ፣ «ጋሼ፣ በትምህርት ቤቱ የተቆለሉትን መቼ ነው የምንከፍታቸው?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱን ከማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ እጠብቃለሁ።