ሙዚቃውን ሳይሰማ ያለፈው አይስላንዳዊ

በ1941 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጦርነት ላይ በነበረችው በርሊን አንድ አይስላንዳዊ ከኦርኬስትራ ፊት ቆሞ ራሱ የደረሰውን የኦርጋን ኮንሰርቶ ይመራ ነበር። ሙዚቃው ሳያልቅ አድማጩ እየተነሣ መውጣት ጀመረ። የመጨረሻው ድምፅ ሲያርፍ በአዳራሹ የቀሩት ጥቂቶች ነበሩ። ሰውየው ዮን ሌይፍስ ይባላል። አዳራሹ ባዶ ከመቅረቱ የከፋ ሥጋት ግን በቤቱ ነበረ፤ ሚስቱ፣ የፒያኖ ተጫዋቿ አኒ ሪትሆፍ፣ አይሁዳዊት ነበረች። ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ስኖትና ሊፍም የናዚ ሕግ ከሚያሳድዳቸው ወገን ነበሩ።

ሌይፍስ በ1899 በሰሜን አይስላንድ በሚገኝ ሶልሄይማር በተባለ የገበሬ መንደር ተወልዶ በሬይካቪክ አደገ። በአገሩ በዚያን ጊዜ አንድም ሲምፎኒ ኦርኬስትራ አልነበረም። በ1916 ዓለም እርስ በርሱ በሚፋጅበት ወቅት ገና በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ባሕር ተሻግሮ ወደ ጀርመን ሄደ፤ ላይፕዚግ በሚገኘው የሙዚቃ ትምህርት ቤትም ገባ። በ1921 ትምህርቱን ፈጽሞ በዚያው ዓመት አኒን አገባ።

ላይፕዚግ የባኽ ከተማ ናት። ወጣቱ አይስላንዳዊ በዚያ ሲማር ሲያብሰለስለው የኖረው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ጀርመኖች ይህን ሁሉ ካላቸው የእኛ የምንለው ምንድን ነው? መልሱን ያገኘው የተማሩ ወገኖቹ እንደ ኋላ ቀርነት በሚያዩት የባላገር ዜማ ውስጥ ነው። አይስላንዳውያን «ትቪሶንጉር» የሚሉት የሁለት ሰው ዜማ አላቸው። ሁለቱ ድምፆች በአምስተኛ ርቀት ጎን ለጎን ይጓዛሉ፤ አንዳንዴም ታችኛው ከላይኛው በላይ ይወጣል። በአውሮፓ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪ ሁለት ድምፆችን በዚህ ርቀት አጓዳኝቶ ቢያስኬድ መምህሩ በቀይ ይሰርዝበታል። ሌይፍስ ግን ስሕተት የተባለውን የድርሰቱ መሠረት አደረገው። በረጅሙ የክረምት ሌሊት በገበሬው ቤት የሚዜመውን «ሪሙር» የተባለ የትረካ ግጥምም ወደደው። በ1920ዎቹም ፎኖግራፍ ይዞ በየገጠሩ እየዞረ የአረጋውያኑን ድምፅ በሰም ሲሊንደር ላይ ቀረጸ። በ1926 ደግሞ የሐምቡርግን ኦርኬስትራ በመርከብ ወደ ሬይካቪክ አመጣ። አይስላንድ ሙሉ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በምድሯ የሰማችው ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ሸፋፍኖ ማለፍ የማይገባ ነገር አለ። ሌይፍስ የሰሜን ሕዝቦች የራሳቸው የሆነ መንፈስ እንዳላቸው አጥብቆ ያምን፣ ይህንንም ይጽፍ ነበር። ናዚዎችም «ሰሜናዊ» የሚለውን ቃል የዘር አምልኳቸው ማዕከል አደረጉት። ቃሉ አንድ ሲሆን አሳቡ ግን አንድ አልነበረም፤ ሌይፍስ ልዩነቱን በጊዜው አጥርቶ ለማየት መዘግየቱ ግን አይካድም። ገዥዎቹ ሰሜንን የሚወዱት ለስላሳና ጀግና አድርገው በሥዕል ሲያስቡት ነው እንጂ እንደ ሌይፍስ ሙዚቃ እየሻከረና እየጮኸ ሲመጣ አይደለም። ስለዚህ ሥራዎቹ ከመድረክ እየጠፉ ሄዱ። ቤተሰቡ ከጀርመን ወጥቶ ስዊድን መግባት የቻለው በ1944 ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ 17 ቀን አይስላንድ ከዴንማርክ ንጉሥ ተላቃ ሪፐብሊክ ስትሆን፣ ዕድሜውን ሙሉ ስለ አገሩ ድምፅ የተሟገተው ሰው በባዕድ አገር ሆኖ ዜናውን ሰማ።

ትዳሩ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ሌይፍስ በ1945 ብቻውን ወደ አይስላንድ ሲመለስ የጠበቀው የክብር አቀባበል አልነበረም፤ በጀርመን የኖረበት ዘመን በወገኖቹ ዘንድ ጥርጣሬ አስከትሎበት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1947፣ የዐሥራ ሰባት ዓመቷ ሊፍ በስዊድን ጠረፍ ስትዋኝ ባሕር ወሰዳት።

በዚያ ዓመት የጻፈው «ሬኪዬም» በመዘምራን ብቻ፣ ያለ መሣሪያ የሚዘመር የአምስት ደቂቃ ያህል ሥራ ነው። ቃሉን ከአገሩ የሕዝብ ግጥሞችና ከዮናስ ሃልግሪምሶን ስንኞች ወሰደ። በሌሎች ሥራዎቹ የሚያስተጋባው ጩኸት እዚህ የለም፤ አባት የተኛ ልጁን ላለመቀስቀስ በእሹሩሩ ድምፅ የሚናገር ይመስላል። ከሥራዎቹ ሁሉ ማንም ያለ ዝግጅት ሊሰማው የሚችለው ይኸኛው ሳይሆን አይቀርም።

ኀዘኑ ሥራውን አላስቆመውም። በ1945 የአይስላንድ የሙዚቃ ደራስያን ማኅበር እንዲቋቋም፣ በ1948ም የደራስያንን ክፍያ የሚሰበስበው ድርጅት እንዲመሠረት ግንባር ቀደም ሆኖ ታገለ። በዚህ ረገድ ብዙ ባላንጣ አፍርቷል፤ ሬዲዮና ምግብ ቤት ለዘፈን ይክፈሉ ማለት በዚያን ጊዜ እንደ እብደት ይቆጠር ነበር።

በ1960ዎቹ የአገሩን ምድር ራሷን ወደ ሙዚቃ አመጣ። ፍል ውኃ የምትተፋው ጌይሲር፣ እሳተ ገሞራው ሄክላ፣ የዴቲፎስ ፏፏቴ፣ የባሕር በረዶው ሁሉ ርእስ ሆኑ። ለ«ሄክላ» የአንጥረኛ መስፍ፣ ድንጋይ፣ የመርከብ ሰንሰለት፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ ሳይረንና መድፍ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ አሟልቶ የሚያቀርብ በቀላሉ ስለማይገኝ ብዙው ሥራው በወረቀት ላይ ቀረ። «ጌይሲር» በ1961 ተጽፎ መጀመሪያ የተሰማው በ1984 ነው፤ «ባልድር» የተባለው ድራማው በ1947 ተጠናቆ እስከ 1991 ጠበቀ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በጥንቱ የ«ኤዳ» ግጥም ላይ ሊሠራው ያሰበው የኦራቶሪዮ ሥራ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል በ1939 ፈጸመ። ከዚህ ሁለት ምዕራፎች ብቻ በ1952 ኮፐንሃገን ላይ ቀርበው በፌዝ ስለ ተቀበሉት ሁለተኛውን ለረጅም ጊዜ ተወው፤ የጨረሰው በ1966 ነው። በ1968 በካንሰር ሲሞት ሦስተኛው ክፍል ገና በጅምር ነበር። የመጀመሪያው ክፍል በሙሉ ሬይካቪክ ላይ የተሰማው በ2006፣ ሁለተኛው ደግሞ በ2018 ነው፤ ደራሲው ካረፈ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ።