የድመት የልብ ጡንቻና የቫልቭ ሕመም፦ ምልክቶቹና ሊወሰድ የሚገባው እርምጃ

በዌስት ቤይ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች ውስጥ በብዙ ቤቶች ድመትን የመመገብና የመንከባከብ ኃላፊነት የቤት ሠራተኞች ነው። በመሆኑም የልብ ሕመምን ምልክት አስቀድመው የማየት ዕድል ያላቸው እነርሱ ናቸው።

በድመቶች ላይ በብዛት የሚታየው የልብ ሕመም የልብ ጡንቻ መወፈር ነው። የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ግድግዳ ሲወፍር ልብ በሚገባ ተፍታታ ደም መቀበል ይሳናታል። በጤናማ ድመት፣ ልብ በተፍታታችበት ቅጽበት፣ የግድግዳው ውፍረት በአብዛኛው ከ6 ሚሊ ሜትር በታች ነው። በአንዳንድ ድመቶች ሚትራል የተባለው ቫልቭ ወደ ደም መውጫው ስለሚሳብ መንገዱ ይጠብባል፤ ደምም ወደ ኋላ ይመለሳል።

ሕመሙ በዘር ሊተላለፍ ይችላል። ተመራማሪዎች የዘረመል ለውጡን በ2005 በሜይን ኩን፣ በ2007 ደግሞ በራግዶል ዝርያ ላይ አግኝተዋል። ሆኖም የፋርስም ሆነ ድብልቅ ዝርያ ያላቸው ድመቶች ይታመማሉ። የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራትና የደም ግፊትም ጡንቻውን ያወፍራሉ። ታውሪን የተባለው አሚኖ አሲድ እጥረት በአንጻሩ ልብን እንደሚያሰፋና እንደሚያዳክም በ1987 ተረጋግጧል። ስለዚህ ድመት የውሻ መኖ ብቻ እየተሰጣት መኖር የለባትም።

ብዙ ድመቶች ለዓመታት ምልክት አያሳዩም። ድመቷ በተኛችበት የደረቷን መነሣትና መውረድ አንድ ብሎ ለአንድ ደቂቃ መቁጠር ይጠቅማል። ቁጥሩ በተደጋጋሚ ከ30 ከበለጠ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። አፍ ከፍቶ መተንፈስ አስቸኳይ ምልክት ነው፤ የዶሃ በጋ ከ40 ዲግሪ ቢያልፍም፣ በቀዘቀዘ ቤት ውስጥ ያለች ድመት ስታለከልክ ሙቀት ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ሌላው አደጋ በልብ ውስጥ የረጋ ደም ወደ ኋላ እግሮች የሚወስደውን የደም ሥር መዝጋቱ ነው። ድመቷ በድንገት በሥቃይ ትጮኻለች፤ የኋላ እግሮቿ ይሰንፋሉ፣ ይቀዘቅዛሉም። ይህን በመውደቅ የደረሰ ስብራት ነው ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ለቤቱ ባለቤት ወዲያውኑ ነግሮ ወደ እንስሳት ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል።

ምርመራው በዋናነት የሚካሄደው በልብ አልትራሳውንድ ነው። የወፈረውን ጡንቻ ፈጽሞ የሚመልስ መድኃኒት ባይኖርም፣ ፉሮሴማይድ በሳንባ የተጠራቀመውን ውኃ ይቀንሳል፤ ክሎፒዶግሬል የደም መርጋትን ይከላከላል። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ብቻ ነው። ለሰው የሚሰጠው ፓራሲታሞል ድመትን ስለሚገድል ፈጽሞ መስጠት አይገባም።