የፓሪስ ፖሊቴክኒክ ተማሪዎችና የደረጃ ጭንቀት

በፈረንሳይ አብዮት ዘመን፣ በ1794 እ.ኤ.አ.፣ መሐንዲሶችን ለማፍራት በፓሪስ የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ በመጀመሪያ ለተማሪዎቹ አበል ይከፍል ነበር። ናፖሊዮን በ1804 የወታደር ደንብ ካስገባበት ወዲህ ግን ተማሪዎቹ የደንብ ልብስ ለብሰው በጦር ሰፈር ሥርዓት መኖር ጀመሩ፤ ክፍያም ስለ ታከለበት የድኻ ልጅ መግቢያ ጠበበ።

ከሁሉም የሚያስጨንቀው ደረጃ ነበር። በመጨረሻው ፈተና ከፊት የወጡት የማዕድንን ወይም የመንገድና የድልድይን ሥራ ሲመርጡ፣ የቀሩት አብዛኛዎቹ ወደ ጦሩ ይሄዱ ነበር።

ኤቫሪስት ጋልዋ የመግቢያውን ፈተና በ1828 እና በ1829 ወደቀ፤ ሁለተኛው አባቱ በሞቱበት ሰሞን ነበር። በ1832፣ በ20 ዓመቱ ሲሞት የተወው የአልጀብራ ሥራ ግን ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው ይማሩታል።

እኛ መምህራን ፈተናን አንጥልም፤ ውጤት በለጠፍን ቁጥር ግን ደረጃው ያልመዘነውን ተማሪ ልናስብ ይገባናል።